የሃያ ብሯ ዶሮ

ጥምቀት ሲያልቅ ጎንደር ጭር ትላለች የሚል ሰው ጎንደርን የሚያውቃት በፎቶ ነው። እርግጥ ጥር 12 ቀን የሚካኤል ታቦት መንበሩ ከገባ በኋላ ፋሲል መዋኛ ዙሪያ የነበረው ሕዝብ ይበተናል። ፒያሳ ላይ መቀመጫ ይገኛል። የአልጋ ዋጋም ወደ ልቡ ይመለሳል። ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው እንግዳ «አየነው እኮ!» እያለ ወደ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ይሄዳል።

ያየው ግን ግማሹን ነው። ሌላው ግማሽ የሚጀምረው እሱ የአውሮፕላን ቀበቶ ሲያስር ነው። ደምቢያ፣ ወገራ፣ በለሳ፣ ጭልጋ ያለው ገበሬ እህሉን ከአውድማ ጎተራ አስገብቷል። የገና ጾም ተፈቷል። ጌሾው ተወቅጧል፣ ብቅሉ ተፈጭቷል፣ ጋኑ በወይራ ታጥኗል። ልጁን የሚድረውም፣ የወላጁን ተዝካር የሚያወጣውም ይህችን ሰሞን ነው የሚጠብቀው።

ጥምቀትን ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም. መዝግቦታል። ደግ አደረገ። የገጠሩን ድግስ ግን የሚመዘግበው ሌላ ነው።

ዳሱ በር ላይ ጠረጴዛ አለች። አንዳንዴ ጠረጴዛ አይደለችም፣ የተገለበጠ የቢራ ሣጥን ናት። ከኋላዋ አሥረኛ ክፍል የደረሰ፣ የእጅ ጽሑፉ ያማረ ልጅ ተቀምጧል። ፊቱ ባለ 50 ሉክ ደብተር ተዘርግቷል። እስክርቢቶው ከጠረጴዛው እግር ጋር በክር ታስሯል። ባለፈው ድግስ አንዱ «ላንድ አፍታ» ብሎ ወስዶ በዚያው ቀርቷል። ከልጁ አጠገብ አንድ ሽማግሌ አሉ። የሳቸው ሥራ ሁለት ነው፤ መቁጠርና መጮህ።

«አያ እከሌ! መቶ ብር!»

ልጁ ይጽፋል።

«የእከሌ ባለቤት! አንድ እንሥራ ጠላ፣ ሠላሳ እንጀራ!»

ልጁ ይጽፋል።

«መምህር... ሃምሳ ብር።»

እዚህ ላይ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ለመምህሩ አዝነው ነው። ደመወዙን አገር ያውቀዋል።

ታዲያ ይህን ስጦታ ነው ብሎ የሚያስብ የዋህ አለ። ስጦታ ቢሆን ደብተር ምን ይሠራል? ብድር ነው እንጂ። ብድር በምድር ይባል የለ? ደጋሹ ዳሱ በፈረሰ ማግሥት ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ቁጭ ይላል። ማን ምን አመጣ፣ ማን ምን አጎደለ፣ ማን ባዶ እጁን መጥቶ ሁለት ጊዜ ወጥ አስጨመረ፣ ሁሉንም ያያል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለዕዳ ነው። የእከሌ ልጅ ስታገባ መቶውን ይመልሳል፤ ሰው ከሆነ ደግሞ ሃያ ይጨምርበታል። ሳይመልስ ከሞተ ልጁ ይወርሰዋል። በመሬት ውርስ ወንድማማች ሲካሰስ አይቻለሁ። የድግስ ዕዳ አልወርስም ያለ ልጅ ግን አላየሁም። ቢልም ሲሞት የሚቀብረው አያገኝም።

የፋሲል ግቢ አስጎብኚዎች የአፄ በካፋን የግብር አዳራሽ ሲያሳዩ ነገሥታቱ እንዴት አድርገው መኳንንቱንና ጭፍራውን እንደሚያበሉ ይተርካሉ። ዛሬ እዚያ አዳራሽ ውስጥ የሚጎርስ የለም። ቲኬት ቆርጦ ግድግዳ ማየት ብቻ ነው። እኔ ይኼን ስሰማ ሁሌ የምለው ነገር አለ። ንጉሡ በር ላይ ደብተር የያዘ አሥረኛ ክፍል ተማሪ አስቀምጠው ቢሆን ኖሮ ይኼኔ ግማሹ ጎንደር ባለዕዳ ነበር።

ዕዳው በሠርግና በተዝካር ቢያበቃ እንኳ ጥሩ ነበር። ወሩ ራሱ ተከፋፍሎ አልቋል። በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም። ባል ሚካኤልን ይጠጣል፣ ሚስት ማርያምን ትጠጣለች፣ አማቲቱ ደግሞ «እኔ ከልጅነቴ ኪዳነ ምሕረትን ነው» ብለው ሦስተኛ ጽዋ ቤት ያስገባሉ። እያንዳንዱ ጽዋ ዞሮ ሲደርስ ዳቦ ይደፋል፣ ጠላ ይጠመቃል። እሑድ ደግሞ ሰንበቴ አለ። ጉልበትም ቢሆን በብድር ነው። ወንፈል ያረመልህን መልሰህ ታርምለታለህ። አንድ በሬ ያለው አንድ በሬ ካለው ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል። ደቦ ከሆነማ ሥራው እስከ እኩለ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጠላና ንፍሮ ነው።

እስቲ ዳሱ ውስጥ እንግባ።

ቄጤማው ተጎዝጉዟል። አግዳሚው በሁለት ረድፍ ተደርድሯል። በሩ ላይ አጋፋሪው ከዘራውን ይዞ ቆሟል። ሠላሳ ሰው ገና እጁን መሶብ ላይ ከመዘርጋቱ አንድ ሽማግሌ ብቅ ይላሉ። ሠላሳው ሰው ብድግ ይላል።

«ኖር!»

«በእግዜር! በእግዜር! አትነሡ፣ ተቀመጡ!»

ሠላሳው ሰው ይቀመጣል። አንድ ጉርሻ ይጎርሳል። ሌላ ሽማግሌ ይመጣሉ። «ኖር!» «በእግዜር!» ሠላሳው ሰው አሁንም ይነሣል። ደግ ባህል ነው፤ የሚቃወም የለም። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ አንድ ላይ ተቀጣጥረው ቢመጡ ወጡ ባልቀዘቀዘ ነበር። እነሱ ግን አንድ በአንድ ነው የሚመጡት። እኔ እንደሚመስለኝ ሆን ብለው ነው። ሠላሳ ሰው ለብቻ ሲነሣልህ ሌላ ነው።

ቀጥሎ የመቀመጫ ነገር ይመጣል። ቦታውን የሚያውቀው አጋፋሪው ነው። ካህናቱ ከላይ፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹ፣ ከዚያ የጋብቻ ዘመድ፣ እያለ እያለ እስከ በሩ ይወርዳል። የጨዋ ወጉ በሩ ሥር ሄዶ መቀመጥ ነው። አጋፋሪው «ምነው እዚያ? ከፍ በሉ እንጂ!» ይላል። «እዚሁ ይበቃኛል» ትላለህ። «በማርያም!» ይላል። «ኧረ እዚሁ!» ትላለህ። በሦስተኛው እየተግደረደርክ ትነሣለህ። ችግር የሚመጣው አጋፋሪው ጥሪውን ሲረሳው ነው። አንድ ጊዜ በትሕትና በሩ ሥር የተቀመጡ ትልቅ ሰው አይቻለሁ። ማንም ከፍ በሉ አላላቸውም። ዓይናቸው ከአጋፋሪው አልተነቀለም። ፊታቸው የቀረበው ጮማ ነበር፤ እንደ ጎመን ነው ያላመጡት። ለዓመት ያህል እዚያ ቤት ደጃፍ አላለፉም አሉ።

ምግቡ ላይ ያለው ክርክር ደግሞ ሌላ ነው። እንግዳ ሲገባ «በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል። አልበላም። ከትናንት ማታ ጀምሮ ቦታ ሲያመቻች ነው ያደረው። ባለቤቷም እንዳልበላ ታውቃለች። ግን ወጉ ነው። «በሞቴ!» ትላለች። «ይበቃኛል» ይላል። «አፈር ስሆን! ይቺን ብቻ!» ይቺን ብቻ የምትባለው ጉርሻ አፍ የምትዘጋ፣ እንባ የምታመጣ ናት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል ሁለተኛው ይከተላል። እምቢ ማለት አይቻልም። አሳላፊው ወጡን ይዞ ከኋላህ ቆሟል። «ጠግቤያለሁ» ብትል አይሰማህም። ሆዱን ይዞ የሚቃትት ሰው ካየ ብቻ ነው ወደሚቀጥለው የሚያልፈው።

ይህ ሁሉ ልመና ከፍቅር ብቻ የመጣ አይምሰላችሁ። ፍቅርም አለበት፣ አልዋሽም። ግን ዳሱን ሳይጠግብ የወጣ ሰው ነገ ገበያ ላይ ምስክር ነው። «እንዴት ነበር ድግሱ?» ሲባል «ይመስገነው» ብሎ ዝም ካለ አለቀ። ከ«ይመስገነው» የባሰ ስድብ እኛ አገር የለም።

የአዝማሪውንም ምላስ መፍራት ነው። ማሲንቆውን ይዞ ዳሱን ሲዞር ዓይኑ እጅህ ላይ ነው። ግንባሩ ላይ ብር የለጠፈለትን ከነአያቱ ያነሣል፣ አንበሳ ያደርገዋል። ያልለጠፈለትን ደግሞ እንዲህ ብሎ ያልፈዋል፦

መቶ ብር አስጽፎ ሁለት መቶ በላ፣
እንዲህ ያለ ጀግና የት ይገኛል ሌላ?

ሰው በሳቅ ይወድቃል። የተባለለትም ሰው አብሮ ይስቃል። ምን ያድርግ?

እስካሁን ያወራሁት የወንዶቹን ሒሳብ ነው። እሱ ቀላሉ ነው። ደብተር ይጠፋል፣ ደብተር ዝናብ ይመታዋል፣ አይጥም ይበላዋል። የሴቶቹ ሒሳብ ግን የሚቀመጠው ልብ ውስጥ ነው። ከዚያ የሚያወጣው የለም። ከዳሱ ጀርባ ባለው ማድ ቤት፣ ጭሱ ዓይን በሚያወጣበት፣ አንዷ የመጣውን መሶብ ክዳን ከፈት ታደርጋለች። እንጀራውን ጫፉን ይዛ ብድግ አድርጋ ታየዋለች። ምንም አትልም። ጎን ያለችውን ብቻ ቀና ብላ ታያታለች። እንጀራው ዓይን የለውም ማለት ነው። ይህች እይታ ከአሥር ዓመት በኋላ ትከፈላለች። የእንሥራው ጠላ መቅጠኑ፣ ዳቦው ከሥሩ ማረሩ፣ ድልሁን በሰሐን አምጥታ ሰሐኑን አጥባ መውሰዷ፣ ሁሉም እዚያው ልብ ውስጥ ነው።

በነገራችን ላይ አንድ ነገር ያናድደኛል። ወንዱ መቶ ብር አስመዝግቦ ስሙ በዳሱ በር ላይ ይጮህለታል። ለሁለት ሳምንት ሌሊት እየተነሣች ድፍድፍ የደፈደፈች፣ ሽንኩርት የከተፈች፣ ምጣድ ላይ የዋለች ጎረቤት ግን አንድ መስመር አልተጻፈላትም። መብላት የሚደርሳትም ሰው ሁሉ ጠግቦ ከሄደ በኋላ፣ ከድስቱ ሥር ነው። አሥረኛ ክፍሉ ልጅ አንድ ገጽ ቢተውላት ምን ነበረበት?

ከተሜውንም እንዳልረሳው። ከጎንደር ወይ ከአዲስ አበባ የመጣው ዘመድ ከአዘዞ በሚኒባስ ቆላ ድባ ይወርዳል፤ ከዚያ በባጃጅ ይገባል። ጫማው እንዳይቆሽሽ ድንጋይ ድንጋይ ይረግጣል። ጠረጴዛዋ ጋ ሲደርስ አምስት መቶ ብር ይመዛል። ሽማግሌው ጮኸው አይጠግቡም፤ ሁለት ጊዜ ይጠሩታል። እሱም ውለታ ዋልኩ ብሎ ጮማውን እየሸሸ፣ ጠላውን በከንፈሩ እየነካ፣ ፎቶ አንሥቶ ይመለሳል። ዕዳ ውስጥ መግባቱን አያውቅም። በሳምንቱ ስልኩ ይጠራል። «ወንድም ጋሼ፣ እንደምን አለህ? ልጄን ልድር ነበር...» ማነው ብሎ ይጠይቃል። እዚያ ዳስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ነው። ጉርሻም አጉርሶት ነበር።

አሁን ወደ ነነዌ ጾም ልምጣ። የድግስ አገር ሰው ሁሉ ዘመኑ ሲለወጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው ነነዌ መቼ ትውላለች ብሎ ነው። ነነዌ ከጥር 17 ቀድማ አትገባም፣ ከየካቲት 21 አታልፍም። ከገባች ልክ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰኞ ዐቢይ ጾም ይያዛል፤ 55 ቀን ሥጋ የለም፣ ሠርግ የለም። ነነዌ ዘግይታ ከዋለች ሰው ተንፈስ ብሎ ይደግሳል። ቀድማ ከመጣች ግን ጉድ ነው። ረቡዕና ዓርብ ሲቀነሱ የቀሩት ቀናት ላይ አገሩ ሁሉ ይረባረባል። በአንድ እሑድ ሦስት ሠርግ ይገጥማል። ሦስቱም ዘንድ ዕዳ አለብህ። አንዱ ጋ አንተ፣ አንዱ ጋ ሚስትህ፣ አንዱ ጋ ደግሞ ልጅህ ይሄዳል። ልጁ ሲመለስ ምን በላህ ሲባል አያስታውስም። ማን ስንት እንዳስጻፈ ግን ይነግርሃል። አድጓል ማለት ነው።

እንግዲህ ነገር የመጣው እንዲህ ባለ ጥድፊያ ዓመት ነው። ከቆላ ድባ ብዙም በማይርቅ መንደር አንዱ ሴት ልጁን ዳረ። ጎረቤቱ መጣ። ጠረጴዛዋ ጋ ቆሞ ኪሱን ዳበሰ፣ አወጣ፣ ሰጠ። ሽማግሌው ለመጮህ አፋቸውን ከፈቱ።

«አያ እከሌ! ሃያ...»

ድምፃቸው ቆመ። ልጁ ቀና አለ። «ሃያ ምን?»

«ብር» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው።

የሙሽሪት አባት ከዳሱ ወጣ። ጎረቤቱ ግን አላፈረም። ኪሱ ውስጥ የተጣጠፈ ወረቀት ነበረው፤ ከድሮው ደብተር የተቀደደ። እሱ ሲያገባ የሙሽሪት አባት ያስጻፈው ሃያ ብር ነበር። አለ፣ ተጽፏል። የተበደረውን መለሰ። ምን አጠፋ?

«ያኔ ሃያ ብር ማለት ዶሮ ናት!» አለ የሙሽሪት አባት።

«ብር ነው የሰጠኸኝ። ዶሮ አልሰጠኸኝም።»

«በሃያ ብር ዶሮ ይገዛ ነበር እኮ ነው የምልህ!»

«ዶሮ ብትሰጠኝማ ኖሮ እስካሁን ስንት ጫጩት አስፈልፍላልኝ ነበር!»

«እንግዲያው ጫጩቶቹንም አምጣ!»

ሙሽሮቹ ሄዱ፣ ጠቡ ቀረ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም አጠገብ፣ ወይራው ጥላ ሥር። አንደኛው ሽማግሌ ብር ብር ነው አሉ። ሁለተኛው ብሩ ብር ነው፣ ዋጋው ግን አይደለም አሉ። መምህሩ ተጠራ። ስለ ዋጋ ግሽበት ረጅም ማብራሪያ ሰጠ። ሁሉም በአክብሮት አዳመጡት። ሲጨርስ አንዱ አባት «እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ አሁን ዶሮዋን ንገረን» አሉት።

ብዙ ተወራ። ጠላ መጣ። ሌላ ጠላ መጣ። በመጨረሻ ብሩ ተመልሶ ዶሮ ይሰጥ ተባለ። ባለዕዳው ራሱን ነቀነቀ፤ እሺ፣ ቄብ ዶሮ አለችኝ አለ። ነገሩ ሊያልቅ ነው። ሽማግሌዎቹ ለምርቃት ብድግ አሉ።

ይኼኔ ጠላ ልትቀዳ የመጣችው የሙሽሪት እናት ጣሳውን አስቀመጠች።

«ምን ቄብ?» አለች። «ያኔ ቄብ አሥራ ሁለት ብር ነበረች። ሃያ ብር የሚያወጣው አውራ ዶሮ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዳቸውም አላስታወሱም። ሁሉም ግን እውነቷን እንደሆነ ዐውቀዋል። አሜን ሳይባል ምርቃቱ ቀረ፤ ተቀመጡ።

የባለዕዳው ሚስት ከአጥሩ ወዲያ ሆና ስትሰማ ነበር ለካ። «አውራ ዶሮስ ቢሆን!» አለች። «ሃያ ብር ያወጣ የነበረው ቀይ ከሆነ ነው። ገብስማ በአሥራ ስድስት ነው ስንገዛ የነበረው። ነጭማ ማን ያየዋል?»

«እኛ ቀይ እንሰጥ ነበር!» አለች የሙሽሪት እናት።

«እናንተ የሰጣችሁት ብር ነው!»

ቀይ ነው ገብስማ የሚለው ሳይለይ ነነዌ ገባች። ሽማግሌዎቹ ጾም ላይ ስለ ሥጋ አይዶለትም ብለው ለቅበላ ቀጠሩ። ቅበላ ላይ ደግሞ ሁሉም የየራሱ ድግስ ነበረበት፤ ማንም አልመጣም። ሁዳዴ ተያዘ። የዶሮው ነገር ለፋሲካ ማግሥት ተቀጥሯል። ባለዕዳው እስከዚያ ዶሮ እንዳያስገዛ፣ የሙሽሪት አባትም ደብተሩን እንዳይቀድ ተማምለዋል።